በርሜሉ ዝም ያለ ጊዜ

ሰኞ፣ የካቲት 3

ከእበቱ በርሜል የሚወጣውን ጋዝ የምናጠራቅምበት ካላማዳሪያ፣ የመኪና ጎማ ውስጠኛው ላስቲክ፣ ሟሽሾ መሬት ላይ ተኝቷል። ሐሙስ ያጠራቀመውን ጋዝ አንድደን ስንጨርስ መክፈቻውን የዘጋሁት ራሴ ነኝ። ከሐሙስ እስከ ዛሬ ሊሞላ ይገባ ነበር፤ ሁልጊዜም ይሞላል። ጆሮዬን በርሜሉ ላይ ለጥፌ አዳመጥሁ። ሌላ ቀን ሆዱ ያጉረመርም ነበር። ዛሬ ዝም።

ስናደድ ዝርዝር ስለሚጠፋኝ ከሥሩ ልጻፈው።

ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ያለችውን አሮጌ የእጅ ሥራ ክፍል አምና ለምኜ አገኘኋት። የአሥራ አንደኛ ክፍል ልጆች በሳምንት ሁለት ክፍለ ጊዜ እዚያ ይመጣሉ። ስለ ታዳሽ ኃይል ማስታወሻ አላጽፋቸውም። በርሜል ሰጠኋቸው፣ እበት አምጡ አልኋቸው። በመጀመሪያው ቀን ግማሾቹ ኩበት ይዘው መጡ፤ በደንብ የተጠፈጠፈ፣ የደረቀ፣ ገለባ የገባበት። እዚህ አገር ከከብት የሚገኝ ማገዶ ኩበት ነው፤ ምን ያድርጉ። አልተቆጣሁም ብዬ ብጽፍ ውሸት ነው። ግን ጨምሩት አልሁ። ኩበቱን በአንድ ሃይላንድ፣ እርጥቡን እበት በሌላ ሃይላንድ ከውሃ ጋር በጠበጡት፤ አፋቸው ላይ ፊኛ አሰሩ። የእርጥቡ ተነፋ፣ የኩበቱ ተኝቶ ቀረ። ለምን? አልነገርኋቸውም። ሳምንት ሙሉ ተጨቃጨቁ። አንዷ ልጅ ፀሐይ በእበቱ ውስጥ ያለውን ሕይወት አድርቃ ገድላዋለች አለች። ሰዓዳ ነች። ከዚያ በኋላ ነው ከክፍሏ ጀርባ በርሜሉን የሞላነው፤ በገለባ የሸፈንነው፤ ጋዙን በቱቦ ወደ መኪና ጎማ ካላማዳሪያ ያስገባነው። በጥር ብርድ እሳት በራ። በጣሳ ውሃ አፈላን።

ሰሌዳው ላይ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የማይጠፋ አንድ ጥያቄ አለ፦ በምን አወቅህ?

አሁን ጉዳዩ። ከበላይ መሥሪያ ቤት እንግዶች መጥተው ሊገመግሙን ነው። ዛሬ ይመጣሉ ተብሎ ዓርብ ዕለት ትምህርት ቤቱ ሲታጠብ፣ ሲጠረግ ውሎ ነበር። መንገድ ተዘግቶ ከወረኢሉ ተመለሱ አሉን። ለሚቀጥለው ሳምንት ዓርብ ተላለፈ። ርዕሰ መምህሩ አቶ ሙሉዓለም ቢሮው ጠርቶ፣ "ጋሽ ዘለቀ፣ እኔ ክፉ ሰው አይደለሁም" አለኝ። እንዲህ ብሎ የሚጀምር ሰው ቀጥሎ ምን እንደሚል ይታወቃል። እንግዶቹ እሳቱን ካዩ ክፍሏ የኛ ናት። ካላዩ የመጻሕፍት መጋዘን ትሆናለች፤ ሁለቱ ክፍለ ጊዜም ለፈተና መለማመጃ ይሄዳል። "ወላጅ እየመጣ ልጄ እበት ሲያቦካ ይውላል ይለኛል" አለ።

በርሜሉ መሞቱን አልነገርሁትም።

ማክሰኞ፣ የካቲት 4

ለልጆቹ ነገርኋቸው። መልሱን ከኔ ጠበቁ። አልሰጥም። ሊሆኑ የሚችሉ ምክንያቶችን ጻፉ አልሁ። ሰሌዳው ላይ የወጡት፦

ብርድ።
የሚያፈስ ቀዳዳ።
ኮምጥጦ ይሆናል። (አንዱ የጠላ አተላ ጨምሮበት እንደሆነ።)
ሰው ነካው።

የመጨረሻውን ከኋላ ያለ ልጅ ነው የጮኸው። ሳቁ። "ሰው ነካው ማለት ምክንያት አይደለም፤ ሰውዬው ምን አደረገበት የሚለው ነው ምክንያት" አልሁ። ጥሩ ንግግር ነበር።

ቀዳዳውን ጀመርን። በቱቦው መጋጠሚያዎች ሁሉ የሳሙና ውሃ ቀባን። አረፋ የለም። "እንግዲህ አያፈስም" ብለው ሊሰርዙት ሲሉ ጌትነት እጁን አወጣ። ጌትነት የክፍሉ ቀልደኛ ነው፤ አባቱ ሁለት በሬና ጥቂት ላሞች አሉት፤ ብዙውን እበት የሚያመጣው እሱ ነው።

"ቲቸር፣ አረፋ የሚያወጣው ጋዙ እኮ ነው። ውስጡ ጋዝ ከሌለ ቢቀደድስ በምን ይታወቃል?"

ሌላው ዓለም ሁሉ ዛሬ ቢበሳጭብኝ ግድ የለኝም፤ ይህቺን ሰምቻለሁ። አላመሰገንሁትም፤ ስመሰገን የምበላሽ ሰው ስለሆንሁ ሌላውም የሚበላሽ ይመስለኛል። በርሜሉን ዘግተን ቱቦውንና ካላማዳሪያውን በብስክሌት መንፊያ ነፋናቸው። ደግመን ሳሙና ቀባን። የትም አያፈስም። የበርሜሉ ክዳን የታሸገበት ሰምም አልተሰነጠቀም። አሁን ይሰረዝ። ተሰረዘ።

ማታ ባለቤቴ በላይነሽ፣ "እጅህን ታጥበሃል?" አለችኝ። ታጥቤያለሁ አልኋት። "እንግዲያው ደግመህ ታጠብ" አለች።

መብራት የለም። በሻማ ነው የምጽፈው። ጡረታ ሊወጣ ጥቂት የቀረው ሰው በሻማ ብርሃን ስለ ኃይል ምንጭ ይጽፋል።

ረቡዕ፣ የካቲት 5

ዛሬን ባልጽፍ ይሻለኝ ነበር።

ብርድን መረመርን። ቴርሞሜትሩን በዝቃጭ መውጫው በኩል ውስጡ ነከርነው። በጥር ከለካነው ትንሽ ይሞቃል እንጂ አይበርድም። በባሰው ብርድ ሠርቶ አሁን እምቢ የሚልበት ምክንያት የለም። ተሰረዘ። ሰዓዳ ናት የሰረዘችው፤ መስመሩን ሁለቴ አሰመረችበት። ቀጥሎ መኮምጠጡን። የቀሩኝን የሊትመስ ወረቀቶች አውጥቼ ሰጠኋቸው። አልቀላም። ተሰረዘ።

የቀረው፦ ሰው ነካው።

እዚህ ላይ ነው ደሜ የፈላው። ከጥቂት ወራት በፊት የጌትነት እናት እመት ዘውዲቱ እስከ ትምህርት ቤቱ በር ድረስ መጥተው ዘበኛው ፊት ጮኸውብኝ ነበር። ልጁ የሚያመጣት እያንዳንዷ ባልዲ እበት የክረምት ኩበት ናት። "ክረምት ሲገባ ምን ላነድ ነው፣ ሰሌዳ?" ነበር ያሉኝ። ዓርብ ዕለት ደግሞ ሌሎቹ ጽዳት ላይ ሲሆኑ ጌትነትን ከክፍሏ ጀርባ ሲዞር አይቼዋለሁ። እበት ማመላለሱ ሰልችቶት፣ እናቱንም ለማስደሰት አንድ ነገር አድርጎበታል ብዬ በልቤ ወሰንሁ።

ሁሉም ፊት፣ "አንተ ነህ" አልሁት።

"እኔ ምን?"

"በርሜሉን ያበላሸኸው።"

የቀለድሁ መስሎት ፈገግ አለ። ከዚያ ፊቴን አየ። "ወላሂ ቲቸር፣ እኔ አልነካሁትም" አለ። ክርስቲያን ነው፤ እዚህ ሲምሉ ሁሉም ወላሂ ይላሉ። "አትማል" አልሁት። ደብተሩን ብብቱ ሥር ከትቶ ወጣ። በሩን እንኳ በኃይል አልዘጋውም። ሰዓዳ አንገቷን ደፍታ ቴርሞሜትሩን ደጋግማ ትጠርጋለች።

ሰሌዳው ከኋላዬ ነበር።

ሐሙስ፣ የካቲት 6

ጌትነት አልመጣም።

አቶ ሙሉዓለም ነገሩን ከተማሪ ሰምቶ መጣ። በርሜሉን እንደ በሽተኛ ዞሮ አየው። ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ጋሽ ዘለቀ፣ ትንሽ ቡታጋዝ ከኋላ ብናያይዝስ? ቱቦው በገለባው ውስጥ ያልፋል፤ ማን ያያል?" አለኝ።

"ልጆቹ ያያሉ።"

"ልጆቹ ዝም ይላሉ።"

"እሱን ነው የምፈራው" አልሁት።

አልገባውም። ወይም ገብቶታል። "አንተ ሰው መኖር አታውቅም" ብሎኝ ሄደ። ከኔ በአሥራ ምናምን ዓመት ያንሳል፤ ሲናደድ ብቻ ነው አንተ የሚለኝ።

ቅዳሜ፣ የካቲት 8

በላይነሽ ሽንኩርት ግዛ ብላ ገበያ ላከችኝ። በኩበት ተራ ማለፍ አልነበረብኝም። እመት ዘውዲቱ ከኩበት ክምራቸው ጀርባ ተቀምጠዋል። እንዳላየ ላልፍ ስል፣ "መምህር፣ ይምጡ እንጂ፤ አልነክስዎትም" አሉኝ።

ሄድሁ። ሰላምታ ተለዋወጥን፤ ስለ ቤተሰብ፣ ስለ ከብት፣ ስለ ጤና ተጠያየቅን፤ ሁሉም በሥርዓቱ። ከዚያ፦

"ልጄን ምን አሉት?"

"እመት ዘውዲቱ፣ በርሜሉ ተበላሽቶ..."

"በርሜሉን አውቀዋለሁ። እሱ የማይነሣበት ምሽት የለም። ልጄን ነው የጠየቅሁዎት።"

ጠርጥሬዋለሁ አልኋቸው። በኩበቱ ምክንያት ከርስዎ ጋር ስለተጣላን ብዬ አሰብሁ አልሁ። ሳቁብኝ፤ ደስ የሚል ሳቅ አይደለም።

"የተጣላነው ድሮ ነው። ልጅዎ አሸንፎኛል። ልጅዎ የምለው የርስዎ አፍ ስለያዘ ነው። 'እማ፣ ኩበቱ ሲነድ ማዳበሪያውም አብሮ ይነዳል፤ በርሜሉ እሳቱን ወስዶ ማዳበሪያውን ይመልሳል' ይለኛል። በምን አወቅህ አልሁት። ይኼው ጓሮዬን ለሁለት ከፍሎ፣ ባንዱ አመድ፣ ባንዱ ከበርሜላችሁ የወጣውን ዝቃጭ ጨምሮ ጎመን ተክሏል። የዝቃጩ ጎመን ጉልበቴ ደርሷል። ያን የሚያህል የደከመበትን ራሱ ያበላሻል ብለው አሰቡ?"

"ዓርብ ከክፍሉ ጀርባ ምን ያደርግ ነበር?"

"ዝቃጭ ሊቀዳ ነዋ! ለጎመኑ።"

ሽንኩርቱን ረስቼ ተመለስሁ። በላይነሽ ባዶ ዘንቢሉን ተቀብላ መስቀያው ላይ ሰቀለችው።

ያን ልጅ ቤቱ ሄጄ ይቅርታ ልጠይቀው ይገባል። እግሬ እስከ መንገዱ መታጠፊያ ሄደና ተመለሰ። ደግሞስ ማን ነው ያደረገው? መልስ ሳይኖረኝ ምን ብዬ እገባለሁ? ይህም ሰበብ ነው፤ አውቀዋለሁ።

ሰኞ፣ የካቲት 10

ጌትነት ዛሬም የለም። ወደ ክፍሏ የመጡት ጥቂቶች ናቸው። የቀሩት ፈተና መለማመጃ ሄደዋል፤ ማንም ሳይነግራቸው ነፋሱ ወዴት እንደሚነፍስ ያውቃሉ።

"የማስገቢያውን ቱቦ እንየው" አልሁ፤ ሌላ የሚታይ ስለጠፋ። እበት የምንጨምርበት ቱቦ አፉ በአሮጌ ሰማያዊ ዩኒፎርም ጨርቅ ይታሰራል። ሰዓዳ ፈታችው። ጨርቁን በእጇ ይዛ ቆመች።

"ምን አገኘሽ?"

"ጨርቁ ነጭ ነጠብጣብ አለው ቲቸር።"

አየሁት። እዚህም እዚያም ቀለሙ ለቋል። አሮጌ ጨርቅ ነው፤ ፀሐይ በልቶት ይሆናል አልሁ። ጨርቁን አጣጥፋ ኪሷ ከተተችው። ከዚያ መስኮቱ ላይ ካሉት ሃይላንዶች አንዱን መውሰድ እችላለሁ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ከበርሜሉ በጥር የቀዳናቸው ናቸው፤ ፊኛዎቻቸው ዛሬም እንደቆሙ ናቸው። በርሜሉ ሞቶ እነሱ በሕይወት አሉ። ይህን ማሰብ የነበረብኝ እኔ ነኝ፤ ሳምንት ሙሉ በአጠገባቸው ሳልፍ ሰነበትሁ።

"ምን ልታደርጊበት?"

"ለሦስት ልከፍለው።"

ውሰጂ አልኋት።

ሰዓዳ እናቷ ጅዳ በሰው ቤት ታጸዳለች። ልጅቱ ከአክስቷ ጋር ነው የምትኖረው። ደብተሯ፣ ጫማዋ፣ የምትቀመጥበት ወንበር ሳይቀር ያብረቀርቃል። አምና እናቷ ለዕረፍት መጥታ ትምህርት ቤቱን ስታይ፣ "እንግዳ በመጣ ቀን በዚህ ሽታ ነው የምትቀበሉት?" ብላን ሄዳለች። አሁን ለምን ትዝ እንዳለኝ አላውቅም።

ረቡዕ፣ የካቲት 12

ሦስቱ ሃይላንዶች ፀሐይ ላይ ተደርድረዋል። ሀ፣ ለ፣ ሐ። ማታ ማታ በብርድ ልብስ ጠቅልላ ቤቷ ትወስዳቸዋለች። የሀ ፊኛ ቆሟል። የ'ለ' ፊኛም ቆሟል፤ ትንሽ ያንሳል። የሐ ፊኛ አንገቱን ደፍቷል።

"ሐ ውስጥ ምን አለ?"

"ሳያልቅ አይነገርም ቲቸር። እርስዎ ነዎት ያሉት።"

እውነቷን ነው። ግን ጎንበስ ብዬ አሸተትሁት። ከእበቱ ሥር ሌላ ሽታ አለ፤ የሆስፒታል ኮሪደር የሚመስል። በረኪና።

እንደ ቆምሁ ገባኝ። ያ ዓርብ። ጽዳቱ። አቶ ሙሉዓለም በሰልፍ ላይ፣ "ሰኞ እንግዶች ሲመጡ በዚህ ግቢ ሽታ እንዳይኖር" ብሎ ለሴቶቹ ልጆች በረኪና በጀሪካን ያከፋፈለበት ሰዓት። የሽንት ቤቱ ተራ የሰዓዳ ነበር። ነጠብጣብ ያለበት ጨርቅ። እንግዳ ፊት እንዳናፍር ብላ ነው። በርሜሉን እንደ ቤቷ አጠበችው፤ እበቱን የሚያብላላውን ሕይወት ያለውን ነገር ሁሉ ፈጀችው።

እሷም አላወቀችም ነበር። ሰኞ ነው የጠረጠረችው። ጠርጥራ ግን "እኔ ነኝ" ብላ አላለቀሰችም፤ ሦስት ጠርሙስ ደረደረች።

ያንን የሚያህል አስተምሬያለሁ ማለት ነው? ወይስ ድሮም እንዲህ ነበረች?

ሐሙስ፣ የካቲት 13

ነገ እንግዶቹ ይመጣሉ። ሌሊቱን አልተኛሁም፤ ያሰብሁትን ጠዋት ሠራሁት።

ሰዓዳን ብቻዋን አገኘኋት። "ሐ ምን እንደሆነ አውቄያለሁ" አልኋት። ዓይኗ ሞላ፣ ግን አልፈሰሰም። ነገ እንግዶቹ ፊት ምንም አትናገሪ አልኋት። እኔ እናገራለሁ። ብርዱ ነው እላቸዋለሁ። በብርድ ምክንያት ነው፣ መጋቢት ሲሞቅ ይመለሳል ካልኋቸው ክፍሏ ልትተርፍ ትችላለች። አንቺም ሰው ፊት አትዋረጂም።

እስክጨርስ ሰማችኝ። ከዚያ፣ "ብርድ አለመሆኑን እኮ እኔው ነኝ የሰረዝሁት" አለች።

"አውቃለሁ።"

"ሁለቴ ነው ያሰመርሁበት።"

"አውቃለሁ ሰዓዳ።"

"ጌትነትስ?"

ስለ ክፍሏ ሳስብ ልጁን ከነጭራሹ ረስቼው ነበር። ቡታጋዝ እናያይዝ ያለኝን ሰውዬ ስንቀው ሰንብቼ በሳምንቱ እኔ ብርድ አመጣሁ። ልዩነታችን ቱቦው ብቻ ነው።

"አብሽር ቲቸር" አለችኝ፤ እኔን ልታጽናና። "ነገ አያለሁ።" ምን እንደምታይ አልነገረችኝም።

ዓርብ፣ የካቲት 14

ከወንበሬ ሳልነሣ ልጻፈው።

ሦስት ሰዎች መጡ። አንዱ ከመኪናው ሳይወርድ በስልኩ ቪዲዮ ማንሣት ጀምሯል። አለቃቸው ጥቁር ካፖርት የለበሰ፣ ስለ መንገዱ የሚያማርር ሰው ነው። ሦስተኛው ወጣት ነው፤ ብዙም አልተናገረም። ክፍሏ ጢም ብላለች። ለልምምድ የሄዱት ሁሉ ትርኢት አለ ሲባል ተመልሰዋል። በሩ ላይ ጌትነት ቆሟል። ማን እንደጠራው አላወቅሁም። አላየኝም፤ ወይም እንዳላየ ሆነ።

አቶ ሙሉዓለም በተስፋ ክብሪት ለኮሰ። የጋዝ ምድጃው አፍ ላይ ያዘው። ክብሪቱ ነዶ ነዶ ጣቱን ፈጀውና ጠፋ። ሁለተኛውን ለኮሰ። እኔ አፌን ከፈትሁ። ምን ልል እንደነበር እምላለሁ፣ እስካሁን አላውቅም።

ሰዓዳ ተነሣች።

"እሳቱ አይበራም። ለምን እንደማይበራ ላሳያችሁ" አለች። ሦስቱን ሃይላንዶች ጠረጴዛው ላይ ደረደረች። "ሦስቱም ከአንድ ጠርሙስ የተከፈሉ ናቸው። ሀ እንደነበረ የተተወ። ለ ውሃ የተጨመረበት። ሐ በረኪና የተጨመረበት።" ፊኛዎቹን አንድ በአንድ በጣቷ ነካች። የሐ ተወዛወዘ። "ለጽዳት ከተሰጠን በረኪና የተረፈውን ጀሪካን በርሜሉ ውስጥ የገለበጥሁት እኔ ነኝ። እንግዳ ይመጣል ስለተባለ ሽታው እንዳያሳፍረን ብዬ ነው። እበቱን የሚያብላሉት ሕይወት ያላቸው ናቸው። ገድያቸዋለሁ። ጌትነት አይደለም።"

አቶ ሙሉዓለም የተቃጠለ ጣቱን አፉ ውስጥ ከትቶ መሬት መሬት ያያል። በረኪናውን ማን እንዳከፋፈለ ሁሉም ያውቃል።

ካፖርታሙ፣ "ስለዚህ እሳት የለም" አለ።

"የለም።"

"እሺ። ተቀመጪ።"

ወጣቱ ግን እጁን እንደ ተማሪ ትንሽ ከፍ አድርጎ፣ "ለ ላይ ውሃ ለምን ጨመርሽ?" አላት።

"በረኪናው ፈሳሽ ስለሆነ አቅጥኖት ነው የሞተው እንዳይባል።"

ሰውየው ሳቀ። መልካም ሳቅ ነበር። ቀና ብሎ ሰሌዳውን አነበበ፤ ከዚያ እኔን አየኝ። ሌላ ነገር ሊጠይቅ ሲል አለቃው ሰዓቱን አየና ምሳ ተባለ።

ሲወጡ ካፖርታሙ ለርዕሰ መምህሩ ያለውን ሰማሁት፤ "ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ውጤት ግን አልታየም።" ውጤቱ ጠረጴዛ ላይ ተደርድሮለት ነበር፤ ሁለት ቆሞ አንድ ወድቆ። ልጮህበት ነበር። በላይነሽ ከሩቅ እጄን እንደያዘችኝ ዓይነት ስሜት ተሰማኝና ተውሁት። ቢጮህስ ምን ይሰማል።

ከሰኞ ጀምሮ ክፍሏ መጋዘን ናት። አቶ ሙሉዓለም ቀለል አድርጎ ነገረኝ፤ እኔም ቀለል አድርጌ ሰማሁት።

ጌትነት ሳላናግረው ሄደ። በዚያ ግርግር ልደርስበት እችል ነበር። አልደረስሁም።

ሰኞ፣ የካቲት 17

ጾም ገባ። ጠዋት አራት ሠራተኞች መጥተው አግዳሚ ወንበሮቹን አወጡ፣ መጻሕፍቱን አስገቡ። ሰሌዳውን ነቅለው ከክፍሏ ጀርባ፣ በውጭ ግድግዳው ላይ አስደገፉት። ጽሑፉን ማንም አላጠፋውም፤ ከጥንቃቄ ሳይሆን ዳስተር ስላልያዙ።

በርሜሉን ግን አንነካውም አሉ። በጾም መጀመሪያ ቀን በዚህ ሽታ አንጨማለቅም አሉ። አቶ ሙሉዓለም ራሱ መጣ፣ ክዳኑን ቀና አደረገ፣ አፍንጫውን ይዞ ተመለሰ። "ከጀርባ ይሁን፣ ተዉት" አለ። እንዲህ ሆኖ ክፍሏ ሄዳ በርሜሉ ተረፈልን። በረኪናው ሽታውን እንኳ አልገደለውም።

ከትምህርት በኋላ ሰዓዳ ከሦስት ልጆች ጋር መጣች። ክፍለ ጊዜያቸው አይደለም፤ ከአሁን ወዲያ ክፍለ ጊዜ የላቸውም። የሞተውን አውጥተን የጌትነት እናት ጓሮ ሳይሆን (በረኪና ስላለበት) ሩቅ ጉድጓድ ደፋነው። በርሜሉን በውሃ ብቻ አጠብነው። ሰዓዳ 'ሀ' የተጻፈበትን ሃይላንድ አቅፋ ቆማለች። "ይኼ እርሾ ይሆነናል" አለች። አዲስ እበት ያስፈልጋል። እበት የሚያመጣልን ግን የለም።

ይህን ስንል ጌትነት አህያ እየነዳ በአጥሩ ቀዳዳ በኩል ብቅ አለ። ሁለት ባልዲ እበት ጭኗል። ለኔ ሳይሆን ለሰዓዳ ሰላምታ ሰጠ። ለካ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ቤታቸው ድረስ ሄዳ እናቱ ፊት ሁሉንም ነግራቸዋለች። ዓርብ ና ያለችውም እሷ ናት።

ባልዲውን ከአህያው አወረደ። መሬት አስቀመጠው። ከዚያ ወደኔ ዞረ።

"ቲቸር፣ አንድ ጥያቄ አለኝ።"

"ጠይቅ።"

"እኔ መሆኔን በምን አወቁ?"

ስድብ የለበትም። ቀልድም የለበትም። ሰሌዳው ከጀርባው ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል፤ ዞር ብሎ እንኳ አላየውም።

"አላወቅሁም ነበር" አልሁት።

ጠበቀ። እኔ እነሱን እንደማስጠብቃቸው ጠበቀኝ።

"እናትህ ተቆጥተው ነበር። አንተም ትቀልዳለህ። ዓርብ ከጀርባ አየሁህ። ከነዚህ ተነሥቼ ገመትሁ።"

"ይኼ ማስረጃ ይሆናል?"

"አይሆንም። በድዬሃለሁ ጌትነት። ይቅርታ አድርግልኝ።"

የተሳሳተ መልስ ያረመ መምህር እንደሚያደርገው ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ወደ ባልዲው ጎንበስ ብሎ፣ "እንግዲያው በዚያ በኩል ይያዙልኝ፤ ከባድ ነው" አለኝ።

ያዝሁለት። እበቱ እጅጌዬ ላይ ፈሰሰ። ገለበጥነው፤ ሰዓዳ እርሾዋን ጨመረች፤ ጨርቁን መልሰን አሰርን፤ ያንኑ ነጠብጣብ ያለበትን። ሌላ ጨርቅ ይሻላል ስላት፣ "ይኼ ይሁን" አለች።

አሁን መሽቷል። በላይነሽ ሸሚዜን በር ላይ አስወልቃኛለች። ውጭው ውርጭ የሚጥል ይመስላል፤ ገለባውን በደንብ እንዳለበስነው እርግጠኛ አይደለሁም። ነገ ጠዋት ከበርሜሉ ምንም ድምፅ አይሰማም፤ በዚህ ብርድ ባንድ ሌሊት ነፍስ አይዘራም። ቢሆንም ክፍል ከመግባቴ በፊት ሄጄ ጆሮዬን አስጠጋለሁ።